ዘይቱን ከመድፋትህ በፊት

ከቡታጅራ ወደ ዝዋይ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ቆሼ የማረቆ በርበሬ አገር ናት። እዚህ ሞተር ሳይክል የወጣት መዝናኛ አይደለም። በርበሬ በጆንያ፣ ሰው በኋላ ወንበር ጭኖ ከገጠር ቀበሌ ወደ ከተማ የሚመላለስ የቤተሰብ መተዳደሪያ ነው። በብዛት የሚታየውም ከህንድ የመጣው፣ ከ100 እስከ 150 ሲሲ የሆነው፣ በአየር የሚቀዘቅዘው ባለ አንድ ሲሊንደር ነው። ቦክሰርንና ቲቪኤስን የማያውቅ የለም። ስለዚህ «የዘይት ዓይነት ቀየርኩ፣ ሞተሩ መንዘር ጀመረ» የሚለው አቤቱታ እንደ ቀላል የሚታለፍ አይደለም። ንዝረት እጅ ያደነዝዛል፣ ቡሎን ያላላል፣ ሲውል ሲያድር የመብራትና የጭነት መያዣ ብረት ይሰነጥቃል። የሚከተለው ምልልስ በአንድ አረጋዊ መካኒክና በአንድ ወጣት ሞተረኛ አንደበት የተሰናዳ ነው። ዘይቱ በእርግጥ ጥፋተኛ የሚሆነው መቼ እንደሆነ፣ መቼስ በሌላው ጥፋት እንደሚከሰስ ለመለየት ይሞክራል።

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ ነገሩ ለእኔ ግልጽ ነው። ስሞላ የኖርኩት 20ደብሊው-50 ነበር፤ አሁን 10ደብሊው-40 አስሞላሁ። ከዚያ ወዲህ መሪው እጄን ያደነዝዘኛል፣ እግር ማስቀመጫውም ይነዝራል። ከዘይቱ በቀር የተለወጠ ነገር የለም። ላስደፋው ነው የመጣሁት።

ጋሼ፦ መድፋቱ አሥር ደቂቃም አይፈጅብንም፤ ግን ገንዘብህን ከማፍሰሳችን በፊት አንድ ነገር እንመርምር። «ከዘይቱ በቀር የተለወጠ ነገር የለም» አልከኝ። ዘይት ብቻውን ተቀይሮ አያውቅም። ዘይት የቀየረልህ ሰው የማፍሰሻውን ቡሎን ፈትቶ አጥብቋል። ከፊት ያለው የመከላከያ ብረት ካስቸገረው አንስቶ መልሶታል። ሞተር ሳይክሉን አጋድሎ አሮጌውን ዘይት አንጠፍጥፏል። አዲሱን ሲሞላ በመለኪያው ይሁን በጠርሙሱ ልክ አናውቅም። ሞተሩን አስነስቶ ድምፁን ሲያዳምጥ ሚኒሞውን ትንሽ ዞር አድርጎት ሊሆን ይችላል። እግረ መንገዱን ካቴናውን አይቶ አጥብቆት ይሆናል፤ ይህን ብዙ መካኒክ ሳይጠየቅ የሚሠራው ደግ ሥራ ነው። እንግዲህ በዚያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ የተለወጠው ብዙ ሆኖ ሳለ አንተ የከፈልከው ለዘይቱ ስለሆነ ዓይንህ ዘይቱ ላይ ብቻ ቀረ። አንድ ነገር ከሌላው ተከትሎ መምጣቱ በሌላው ምክንያት መምጣቱን አያሳይም። ለመጠርጠር ይበቃል፤ ለመፍረድ ግን አይበቃም።

ወጣቱ፦ መካኒኩ የነካካውን አላየሁም፤ እሱን እቀበላለሁ። ነገር ግን ዘይቱ ቀጭን ነው። ቀጭን ዘይት ብረትን ከብረት በደንብ አይለይም፤ ብረት ከብረት ሲጋጭ ይነዝራል። ይህስ ስህተት አለው?

ጋሼ፦ ስህተቱ ንዝረቱ ከየት እንደሚመጣ ላይ ነው። ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር የሚንቀጠቀጠው ብረት ከብረት ስለሚጋጭ አይደለም፤ ፒስተኑ ወደ ላይ ወጥቶ ቆሞ፣ ወደ ታች ወርዶ ቆሞ ስለሚመለስ ነው። አንድ ክብደት በደቂቃ አምስት ሺህ ጊዜ ሲወረወርና ሲገታ፣ የያዘው አካል በተቃራኒው ይገፋል። ሞተሩን የነደፉት ሰዎች ይህን ለመቀነስ በክራንክ ሻፍቱ ላይ ማመጣጠኛ ክብደት ያደርጉበታል። ችግሩ ፒስተኑ ሽቅብና ቁልቁል ሲሄድ ማመጣጠኛው ክብ መዞሩ ነው። ሽቅብ ቁልቁሉን ሙሉ በሙሉ ላጥፋ ቢል ያንኑ ያህል ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይገፋል። ስለዚህ ግማሽ ያህሉን አጥፍተው ግማሹን ለነጂው ይተዉለታል። ቀሪውን የሚያጠፋው ተጨማሪ ማመጣጠኛ ዘንግ እንግሊዛዊው መሐንዲስ ፍሬድሪክ ላንቸስተር እ.ኤ.አ. በ1904 የባለቤትነት መብት ካወጣበት ጊዜ ጀምሮ ይታወቃል፤ ነገር ግን ዋጋና ክብደት ስለሚጨምር በርካሽ ትናንሽ ሞተሮች ላይ አብዛኛውን ጊዜ አይገባም። አሁን ልጠይቅህ፦ ከዚህ ሁሉ ውስጥ የዘይት ሥራ የትኛው ነው? ዘይት የፒስተኑን ክብደት አይቀንስም፣ ማመጣጠኛውንም አያከብድም። ቀጭን ሆነ ወፍራም፣ ያ ኃይል ያው ነው። የሚለውጠው ፍጥነት ብቻ ነው፤ እሱም በእጥፍ እጥፍ ይሄዳል። በአንድ ማርሽ ላይ ከ60 ወደ 70 ኪሎ ሜትር በሰዓት ብትጨምር፣ ፍጥነትህ የጨመረው አንድ ስድስተኛ ሲሆን የሚንጥህ ኃይል ግን ከሦስት እጅ አንድ እጅ በላይ ይጨምራል።

ወጣቱ፦ ይህ በወረቀት ላይ ልክ ይሆናል። ነገር ግን እዚህ ሰፈር ወፍራም ዘይት አድርገው ሞተራቸው ጸጥ ያለላቸው ሰዎች አሉ። እነሱስ ተሳስተዋል?

ጋሼ፦ አልተሳሳቱም፤ ግን ድምፅና ንዝረት አንድ አይደሉም። ወፍራም ዘይት የቫልቭ መምቻውን ኳኳታ፣ የውስጠኛውን ካቴና መንኮሻኮሽ፣ የማርሹን ጥርስ ጩኸት ያለዝባል። ሲሊንደሩ አርጅቶ ፒስተኑ ከግድግዳው ጋር መላተም ከጀመረም ወፍራም ዘይት ያንን ትንሽ ያፍነዋል። ጆሮ ጸጥታ ሲሰማ እጅም የቀለለው ይመስለዋል። ክራንክ ሻፍቱ ግን በእነዚህ ሞተሮች ውስጥ የሚዞረው በኩሽኔታ ላይ ነው፤ እንደ መኪና በዘይት ንብርብር ላይ ተንሳፍፎ አይደለም። ስለዚህ ዋናው መንቀጥቀጫ በዘይት ውፍረት የሚታከም ቦታ ላይ የለም። ይልቁንም ወፍራም ዘይት ያፈነው ድምፅ የእርጅና ምልክት ከሆነ፣ ማፈኑ ምርመራውን ያዘገየዋል እንጂ ሞተሩን አያድነውም። እነዚያ ሰዎች የሰሙትን ጸጥታ አልክድም። ያንተ አቤቱታ ግን ስለ እጅህ መደንዘዝ ነው።

ወጣቱ፦ እሺ፤ ግን ውፍረቱ በፍጹም ምንም አያደርግም ማለት አይከብድም? ሁለቱ ዘይቶች ሲፈሱ በዓይን ይለያያሉ።

ጋሼ፦ በዓይን ያየኸው በብርድ ነው፤ ዋናው ነገርም እዚያ ላይ ነው። በጠርሙሱ ላይ ያለው ሁለተኛ ቁጥር፣ ማለትም 40 ወይም 50 የሚለው፣ ዘይቱ 100 ዲግሪ ሲደርስ ያለውን ውፍረት ይነግርሃል። መለኪያው ሴንቲስቶክስ ይባላል። 40 የሚባለው ከ12.5 እስከ 16.3 ባለው ውስጥ፣ 50 የሚባለው ከ16.3 እስከ 21.9 ባለው ውስጥ የሚወድቅ ነው። እንግዲህ የተለመደ 10ደብሊው-40 በ100 ዲግሪ 14 ገደማ፣ የተለመደ 20ደብሊው-50 ደግሞ 18 ገደማ ቢሆን ልዩነታቸው አራት ነው። አሁን አንዱን ዘይት ብቻ ውሰድ። ያው 20ደብሊው-50 በ40 ዲግሪ ሲለካ ወደ 160 ይጠጋል፤ ጠዋት በቀዝቃዛው ስታስነሳው ደግሞ ከዚያም በብዙ ይወፍራል። ቅቤ በማለዳና ምጣድ ላይ አንድ እንዳልሆነ ሁሉ፣ ዘይትህ ከቤት ወጥተህ ገበያ እስክትደርስ ድረስ ብቻ ከአሥር እጥፍ በላይ ይቀጥናል። በሁለቱ ዘይቶች መካከል ያለው ልዩነት ሞተሩ አሥር ዲግሪ ያህል ሲሞቅ ከሚመጣው ለውጥ አይበልጥም። በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ደግሞ አሥር ዲግሪን ባዶ ሲሄድና ሁለት ጆንያ ጭኖ ዳገት ሲወጣ መካከል በቀላሉ ያገኘዋል። ስለዚህ ውፍረቱ ነው ያነዘረኝ የሚል ሰው ይህን መመለስ አለበት፦ በአሮጌው ዘይት ላይ እያለህ፣ ሞተሩ ከብርድ ወደ ሙቀት ሲሄድ ንዝረቱ በዚያው መጠን ይቀያየር ነበር? ካልተቀያየረ፣ አሥር እጥፍ ለውጥ ያላሳየውን ንዝረት የአራት ሴንቲስቶክስ ልዩነት ሊያመጣው አይችልም።

ወጣቱ፦ እኔ ላይ ግን ሲሞቅ ይብሳል ጋሼ። ከሰዓት በኋላ ነው እጄን የሚይዘኝ። ይህ ዘይቱ ቀጥኖ ነው አያሰኝም?

ጋሼ፦ ጥሩ ተቃውሞ ነው፤ ግን አንድ ወገን ብቻ የሚቆርጥ ማስረጃ እንደሆነ አስተውል። ንዝረቱ ከብርድ እስከ ሙቀት ካልተለወጠ ውፍረቱ ነጻ ይወጣል። ሲሞቅ ከባሰ ግን ገና አልተፈረደበትም፤ ምክንያቱም ሞተር ሲሞቅ የሚለወጠው ዘይቱ ብቻ አይደለም። ሚኒሞው ይጨምራል። የቫልቭ ክፍተት ይለወጣል፤ አስቀድሞ ጠብቦ የተስተካከለ ቫልቭ ሲሞቅ ሳይዘጋ ይቀርና ሞተሩ መንገጫገጭ ይጀምራል። ሰዓቱም ራሱ ይለያል፦ ከሰዓት በኋላ ጭነት አለ፣ ድካም አለ፣ ወደ ቤት ለመድረስ መቸኮል አለ፤ መቸኮል ማለት ከፍ ያለ ፍጥነት ነው፣ ፍጥነት ምን እንደሚያደርግ ደግሞ አሁን አየን። የቦታው ከፍታም አይረሳ። ቡታጅራ አካባቢ ሁለት ሺህ ሜትር ገደማ ላይ ነን፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአምስት እጅ አንድ እጅ ያህል ይሳሳል። ካርቡራተሩ ለቆላ ተስተካክሎ ከሆነ ቤንዚኑ ለአየሩ ይበዛበታል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ አንዳንዱ ዙር ሳይቃጠል ያልፋል። ያልተቃጠለ ዙር በአንድ ሲሊንደር ላይ የሚሸፍንለት ሌላ ሲሊንደር የለውም፤ በቀጥታ እጅህ ላይ ይደርሳል። ካንዴላ ፈትቶ ማየት ከዘይት ለውጥ በጣም ይረክሳል።

ወጣቱ፦ እንደዚያ ከሆነ ዘይት ፈጽሞ ነጻ ነው እያሉኝ ነው?

ጋሼ፦ አይደለም። ውፍረቱ በራሱ አያነዝርም አልኩ እንጂ የዘይት ለውጥ ንዝረት አያመጣም አላልኩም። የሚያመጣባቸው መንገዶች አሉ፤ ከእነሱ መካከል በመጀመሪያ የማየው ሚኒሞውን ነው። ወፍራም ዘይት ሞተሩን ይጎትተዋል፣ ቀጭን ይለቀዋል። ስለዚህ የጋዙ ቡሎን ሳይነካ እንኳ ዘይት ሲቀየር ቆሞ የሚሠራበት ዙር ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል። አብዛኞቹ ትናንሽ ሞተሮች በደቂቃ 1,400 ዙር አካባቢ ቆመው እንዲሠሩ ይስተካከላሉ። ከዚያ በጣም ከወረደ በእያንዳንዱ ፍንዳታ መካከል ረዥም ክፍተት ይኖራል፣ ሞተር ሳይክሉ በሙሉ ይርገፈገፋል። ከወጣም መሪው ወይም መስታወቱ ከሚነዝርበት ዙር ጋር ሊገጣጠም ይችላል፤ እያንዳንዱ ብረት የራሱ የሆነ የሚንቀጠቀጥበት ዙር አለውና። ይህን የሚያስተካክለው በካቻቢቴ ሩብ ዙር ነው። ንዝረትህ ቆመህ ሳለ ብቻ የሚሰማህ ከሆነ ፍለጋህን ከዚህ ጀምር፤ ብዙ ጊዜ እዚሁ ያበቃል።

ወጣቱ፦ የእኔ በመሄድ ላይም አለ።

ጋሼ፦ እንግዲያው ፍሪሲዮኑ ላይ እንድረስ፤ ዘይት በእውነት ጥፋተኛ የሚሆንበት ዋና ቦታ እሱ ነው። የመኪና ሞተር ዘይቱን ለብቻው ይጠጣል፤ ፍሪሲዮኑ ደረቅ ነው፣ ማርሹም የራሱ ዘይት አለው። በሞተር ሳይክል ላይ ግን ሞተሩ፣ ማርሹና ፍሪሲዮኑ በአንድ ዘይት ውስጥ ይዋኛሉ። የፍሪሲዮን ሸራ የሚሠራው በመያያዝ ነው። ዘይት አምራቾች ደግሞ የመኪናን ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው ማንሸራተቻ ቅመም መጨመር ጀመሩ። ለመኪና የጠቀመው ለሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን ጠንቅ ሆነ። በዚህ ምክንያት ጃሶ የሚባለው የጃፓን የተሽከርካሪ ደረጃ አውጪ እ.ኤ.አ. በ1998 ቲ 903 የተባለውን ደረጃ ለባለ አራት ምት ሞተር ሳይክል ዘይት አወጣ። ኤምኤ የሚለው ምልክት ፍሪሲዮኑን በደንብ የሚያስይዝ ነው፤ በ2006 ማሻሻያው ኤምኤ1 እና ኤምኤ2 ተብሎ ተከፈለ፣ ኤምኤ2 ይበልጥ ያስይዛል። ኤምቢ ግን የሚያንሸራትት ስለሆነ ፍሪሲዮናቸው ደረቅ ለሆነ ስኩተሮች ነው። በጠርሙሱ ጀርባ ላይ ኤምኤ ካላየህ፣ ይልቁንም ነዳጅ ቆጣቢ የሚል የኤፒአይ ክብ ምልክት ካየህ፣ ያ ዘይት ላንተ አልተሠራም። ሲንሸራተት የሚሰማህም ሁለት ዓይነት ነው፦ ከቆመበት ስትነሳ ፍሪሲዮኑ ሲይዝና ሲለቅ የሚያርገፈግፍ፣ ወይም በከፍተኛ ማርሽ ጋዝ ስትሰጠው ፍጥነቱ ሳይጨምር ዙሩ ብቻ ሽቅብ የሚጮህ።

ወጣቱ፦ ያስሞላሁት የመኪና ዘይት ቢሆንስ? ከሞተር ሳይክሉ ዘይት ዋጋው ይበልጣል፤ ሻጩም የተሻለ ነው ብሎኛል። ውድ ዘይት እንዴት ይጎዳል?

ጋሼ፦ ዋጋው የተከፈለው ላንተ ለማይጠቅምህ ነገር ነው። ለመኪና የተሻለ መሆኑ ለፍሪሲዮንህ የተሻለ አያደርገውም። ግን እዚህም በአንዴ አንፍረድ። የፍሪሲዮኑ ገመድ ያለ ልክ ተወጥሮ ከሆነ በምርጡ ኤምኤ2 ዘይትም ይንሸራተታል፤ በመጀመሪያ እጀታው ጫፍ ላይ አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ባዶ መንቀሳቀሻ መኖሩን እይ። የመኪና ዘይት ሁሉ አንድ አለመሆኑንም ልብ በል። ነዳጅ ቆጣቢ የሚል ምልክት ያለባቸው በብዛት 30 እና ከዚያ በታች የሆኑት ቀጫጭኖቹ ናቸው፤ 15ደብሊው-40 የሚባለውን የናፍጣ ዘይት ሞልተው ፍሪሲዮናቸው ምንም ያልሆነባቸው ሰዎች ያሉትም ለዚህ ነው። እኔ እሱንም አልመክርህም፤ የታሰበው ለሌላ ሞተር ነው። ብቻ «የመኪና ዘይት ነው» የሚለው ቃል ለፍርድ አይበቃም፤ ጠርሙሱ መነበብ አለበት። ፍሪሲዮኑ በእርግጥ እየተንሸራተተ፣ ዘይቱም ኤምኤ ካልሆነ፣ ያን ጊዜ ድፋው እልሃለሁ፣ ሳትውል ሳታድር። ኤምኤ ሞልተህ ጥቂት ከነዳህ በኋላ በሸራው ውስጥ የቀረው እንዲወጣ አንድ ጊዜ ደግመህ ከወትሮው ቀደም ብለህ ቀይር። ሸራው ካልተቃጠለ ይመለሳል፤ ከተቃጠለና ፊቱ ከለሰለሰ ግን ዘይት አያድነውም።

ወጣቱ፦ መጠኑንም አንስተው ነበር። መካኒኩ አንድ ሊትሩን ሙሉ ነው የገለበጠው።

ጋሼ፦ አሮጌው ዘይት ከነተረፉ ጠብታዎቹ ሙሉ በሙሉ አይወጣም፤ በየጥጋጥጉ የሚቀር አለ። ስለዚህ ደረቅ ሞተር የሚወስደውን ያህል፣ ወይም የጠርሙሱን ያህል መገልበጥ አንዳንድ ጊዜ ያበዛዋል። የጠቅላላው መጠን ሊትር አካባቢ በሆነበት ሞተር ላይ ሁለት መቶ ሚሊ ሊትር ትርፍ ትንሽ አይደለም። ክራንክ ሻፍቱ ዘይቱን ይንጠዋል፣ አረፋ ያደርገዋል፤ ፓምፑ ከዘይት ጋር አየር ይስባል፣ የላይኛው ቫልቭ ክፍል ዘይት ያንሰዋል፣ ሞተሩም ይከብደዋል። ማነስም የከፋ እንጂ የተሻለ አይደለም። ሞተሩን ጥቂት ደቂቃ አሠርተህ አጥፋው፣ ዘይቱ እስኪወርድ ሁለት ሦስት ደቂቃ ጠብቅ፣ በመሐል ማቆሚያው ቀጥ አድርገህ በሜዳ ላይ ለካ። በጎን ማቆሚያ ዘንበል ባለበት የሚለካ ሰው ሁልጊዜ ስህተት ያነባል። መለኪያው በጥርሱ ጠብቆ ይለካ ወይስ ሳይጠብቅ የሚለው ከሞተር ሞተር ይለያያል፤ የሞተር ሳይክልህ መጽሐፍ ያለውን ተከተል።

ወጣቱ፦ ይህን ሁሉ አይቼ ምንም ባላገኝስ?

ጋሼ፦ ያን ጊዜ ንዝረቱ ራሱ አድራሻውን እንዲነግርህ ታደርገዋለህ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስትሄድ ሞተሩ በሴኮንድ ሰማንያ ዘጠና ጊዜ ይዞራል፤ ጎማው ግን ዘጠኝ ጊዜ ያህል ነው። ስለዚህ ከሞተር የሚመጣው እንደ ንብ የሚነዝር፣ ጣት የሚያደነዝዝ ነው፤ ከጎማ የሚመጣው መሪን ወዲያ ወዲህ የሚያወዛውዝ ዝግ ያለ መንቀጥቀጥ ነው። በእነዚህ መካከል ያለው፣ ጋዝ ስትሰጠው የሚነጥር ዓይነት፣ ከካቴናውና ከጥርሱ ነው፤ አንዱ ቦታ ላልቶ ሌላው ቦታ የተወጠረ ካቴና እንደዚያ ያደርጋል። ሰው በሌለበት ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ንዝረቱ ሲሰማህ ፍሪሲዮኑን ጨብጠህ ጋዙን ልቀቅ። ሞተሩ ወደ ሚኒሞ ሲወርድ ንዝረቱ አብሮ ከጠፋ ከሞተሩ ወገን ነው፤ ፍጥነትህ እስካለ ከቀጠለ ዘይትህን አትንካ፣ ጎማ፣ ቸርኬና ኩሽኔታ ፈልግ። ቀጥለህ ቆመህ በፎሌ ዙሩን ቀስ እያደረግህ ጨምር። በመሄድ ላይ በሰማህበት ዙር ላይ ቆመህም ከሰማኸው ካቴናውና ጎማው ነጻ ወጡ፤ የቀረው ሞተሩና ሞተሩን የያዘው ነው። ሞተሩን ከሻንሲው ጋር የያዙትን ቡሎኖች፣ የማርሚታውን፣ የመከላከያ ብረቱን በቁልፍ አንድ በአንድ ፈትሽ። አንዱ ዳዶ ሲላላ፣ እስከዚያ ድረስ ሻንሲው ይጋራው የነበረው መንቀጥቀጥ ወደ መሪህ መንገድ ያገኛል። ዘይት ሲቀየር የመከላከያ ብረቱ ከተነሳ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የምጠረጥረው ይህን ነው።

ወጣቱ፦ አሁንም አንድ ነገር ይከነክነኛል። ይህን ሁሉ ከማድረግ ወደ ድሮው ዘይት መመለስ አይቀልም? ንዝረቱ ከጠፋ ዘይቱ ነበር፤ ካልጠፋ አልነበረም። ቆራጩ ፈተና እሱ ነው።

ጋሼ፦ ትክክለኛ ፈተና ነው፤ ግን ሌላው ሁሉ ተፈትሾ ሲያልቅ ነው ትክክለኛ የሚሆነው። አሁን ዘይቱን ብታስደፋ መካኒኩ ያንኑ ቡሎን ደግሞ ያጠብቃል፣ መጠኑን ደግሞ ይለካል፣ ሚኒሞውን ደግሞ ያያል። ንዝረቱ ቢጠፋ የትኛው እንዳጠፋው አታውቅም፤ «ዘይቱ ነበር» ብለህ ትሄዳለህ፣ ለጓደኞችህም ትነግራለህ፣ እነሱም ደህና ዘይት ይደፋሉ። በዚያ ላይ የምታወዳድረው ከምን ጋር እንደሆነ አስብ። በመጨረሻ የነዳህበት 20ደብሊው-50 አዲስ አልነበረም። የማርሽ ጥርስ የዘይቱን ማወፈሪያ ቅመም ይቆርጠዋል፣ ቤንዚን ይገባበታል፤ ብዙ ኪሎ ሜትር የሠራ ባለ 50 ዘይት ወደ 40 ወርዶ መገኘቱ እንግዳ ነገር አይደለም። ምናልባት አዲሱ ዘይትህና አሮጌው ዘይትህ በተቀያየሩበት ቀን ውፍረታቸው ተቀራራቢ ነበር። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ቀይር፣ ያንኑ መንገድ፣ በዚያው ጭነት፣ በዚያው የጎማ አየር ንዳው፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ እለፍ። ሁሉም ደህና ሆኖ ካገኘኸውና ንዝረቱ ካለ፣ ያን ጊዜ ወደ ድሮው ዘይት እንመለስ። ከተቻለ ደግሞ የትኛው ዘይት እንዳለበት ሳትነግረው ሌላ ሞተረኛ ይንዳልህ። ገንዘቡን አውጥቶ የሚጠራጠር ሰው እጁ ድሮም የነበረውን ንዝረት አሁን ይቆጥራል፤ ይህ የማንም ሰው ተፈጥሮ ነው።

ወጣቱ፦ ንዝረቱ ከዘይቱ አለመሆኑ ቢረጋገጥ በዚህ በ10ደብሊው-40 ልቀጥል?

ጋሼ፦ ያ ሌላ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ከንዝረት ጋር አይያያዝም። አምራቹ በመጽሐፉ ላይ ለዚህ ሙቀት የፈቀደው ከሆነና ጠርሙሱ ኤምኤ ወይም ኤምኤ2 የሚል ከሆነ ቀጥል። 20ደብሊው-50 ብቻ ብሎ ከሆነ ግን ወደ እሱ ተመለስ። በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ሰውና ጆንያ ጭኖ በዝግታ ዳገት ሲወጣ ዘይቱ አምራቹ ከገመተው በላይ ሊሞቅ ይችላል፤ እዚያ ላይ የሚቀጥነው መከላከያው ነው፣ የሚጎዳውም ፒስተኑና የቫልቩ ዘንግ ነው። ያ ጉዳት በእጅህ የሚሰማህ ከወራት በኋላ ነው። የምትገዛው ዘይትም ማሸጊያው ያልተከፈተ ይሁን፤ ከበርሜል በሊትር የሚቀዳልህ ውስጥ ያለውን ማንም ሊያነብልህ አይችልም። አሁን ግን መሐል ማቆሚያው ላይ አቁመው፤ ሞተሩ ገና ትኩስ ስለሆነ መጠኑን እንይ፣ ከዚያ አሥራ ሦስት ቁጥር ቁልፉን አቀብለኝና የመከላከያ ብረቱን ቡሎኖች እንፈትሽ።